«ደህና ነኝ» የማይባልበት ቦታ

(በአራዳ ለአጥቢያ አገልጋዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ቅጽ ስለ መሙላትና ሐኪም ፊት ስለ መቅረብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአራዳና በፒያሳ ቤት ለቤት ስንዞር፣ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚገባውን አበል የሚያጣው ሕግ ባለመኖሩ ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። ቤተ ሰቡ በመጨረሻው በር ላይ እውነቱን ሳይናገር ስለሚመለስም ነው።

አስቀድመን ያለውን እንወቅ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። ይህ ማለት ግን ጉዳት ያለበት ሁሉ በየወሩ ገንዘብ ይቀበላል ማለት አይደለም። በሰፈራችን በብዛት የሚያጋጥሙን መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ መንግሥት ሠራተኞች በአዋጅ ተሸፍነዋል። በ2014 ዓ.ም. አዋጆቹ ተሻሽለው ቁጥር 1267 እና 1268 ሆነው ወጥተዋል። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ካልሆነ ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ አለ። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ምክንያት ከሆነ ግን የጉዳት ጡረታ ይባላል፤ መለኪያውም ሌላ ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ከመሰላል ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ሰው ቅጽ ላይ «ታምሞ ሥራ አቆመ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ በዚያች አንዲት መስመር መብቱ ሊጠፋ ይችላል። የት፣ መቼ፣ ምን ሲሠራ እንደ ተጎዳ ይጻፍ፤ ያየ ሰው ካለም ይጠየቅ።

ሁለተኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ መሥራት የሚችሉ ድሆች በአካባቢ ሥራ ተሰማርተው እንዲከፈላቸው፣ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። በምርጫው የሰፈር ሰው ቃል ትልቅ ቦታ አለው። እንግዲህ በጓዳ ተሸሽጎ የኖረን ልጅ ማን ይመሰክርለታል? በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ሲሄዱ፣ ለዓመታት የሚያውቋቸውን ጎረቤቶችም ትተው ሄደዋል። አዲሱ ሰፈር አያውቃቸውም። እነርሱን ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል አፋችን የለመደው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በምርመራው ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ መልሱም በመዝገብ ላይ ሊጻፍ ይችላል። እናትም ልጇን በማለዳ አጥባ፣ ያላትን ምርጥ ልብስ አልብሳ ታመጣዋለች። ንጽሕናው ደግ ነው። ግን ልብሱን ማን እንዳለበሰው፣ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡለት ካልተነገረ ሐኪሙ ከየት ያውቃል? እግዚአብሔርን ማመስገን ሕመምን መካድ አይደለም።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን ስትረዱ እንዲህ አድርጉ። ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት የዕለቱን ኑሮ በደብተር አስጽፉ፤ ያለ ረዳት ምን ይሠራል? ምን ያቅተዋል? ክፉው ቀን ምን ይመስላል? የሆስፒታል ማስረጃውን፣ መታወቂያውንና የአገልግሎት ደብዳቤውን ሰብስቡ፤ ከሁሉም ቅጂ አስቀሩ። ባለጉዳዩ ራሱ መናገር ከቻለ ራሱ ይናገር፤ ወንድሙ የጎደለውን ብቻ ይሙላ። መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ፈልጉ፤ ትንሽ ልጅ የአባቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ጉዳቱን አጋንናችሁ አትናገሩ፤ ሐሰት ሲገለጥ የሌላውንም ችግረኛ ቃል ያስጠረጥራል። «በእኔ በኩል ቶሎ ያልቃል» ለሚል ደላላም አንዲት ሳንቲም አትክፈሉ። መልሱ እንቢታ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጡረታ ጉዳይ ይግባኝ የሚባልበት ጉባዔ አለ።

ሽባውን የተሸከሙትን አራት ሰዎች ሁላችን እናስታውሳለን። በበሩ መግባት ቢያቅታቸው ጣራ አፍርሰው ከነአልጋው በሕዝብ መካከል አወረዱት። ሕመሙን አልሸፈኑም፤ በመታየቱም አላፈሩም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይምረጥ። እነዚህ ሁለቱ በዚህ ወር ውስጥ በአጥቢያቸው በጓዳ የቀረ ሰው ያለበትን አንድ ቤት ይጎብኙ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይሂዱ። በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።