እግሩ ያበጠ ጎረቤታችን

ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ ቀስ እያላችሁ አብራችሁኝ አንብቡ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዝሆኔ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በአነደድም ሆነ በደብረ ኤልያስ፣ ይህን የእግር እብጠት ያላየ ሰው የለም። አንዱ እርግማን ነው ይላል። ሌላው መድኃኒት ረግጦ ነው ይላል። ሦስተኛው ይጋባብኛል ብሎ ከበሽተኛው ጋር ጽዋ አይጠጣም። ለሠርግ የሚጠራው የለም። ልጁንም የሚያገባለት አይገኝም። ሰውየው እኮ የሚያርስ፣ የሚቆፍር፣ ግብር የሚከፍል ሰው ነው! በማታው ትምህርታችን ከበሩ ሥር ለብቻው የሚቀመጥ ጎልማሳ አለ። የእግሬ ሽታ ሰው ያስቀይማል ብሎ ነው።

የበሽታው መነሻ አፈሩ ነው። የደጋችን ቀይ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ሰው ብዙ ዓመት በባዶ እግሩ ሲረግጠው፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ይገባል። ገብቶም የሰውነት ፈሳሽ የሚያልፍበትን ቧንቧ ይጎዳል። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ አጥንተው አሳይተዋል። ስለዚህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላትም፣ አብሮ መተኛትም አያስይዝም።

«ታዲያ ባንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ለምን ይታመማል?» ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። አፈሩ ቶሎ የሚጎዳው ተፈጥሮ በዘር ሊወረስ ይችላል። ነገር ግን ያለ አፈሩ በሽታው አይመጣም። አባቱ ቢታመምም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን በጫማ የጠበቀ ልጅ ይተርፋል። ጫማ ስል እግር የሚሸፍነውን ነው፤ በረባሶ አፈር ያስገባል።

እግሩ ያበጠውስ? በ2007 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተጀምሮ ነበር። እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው ሕክምናው። ይህን ያገኙት ሰዎች፣ ትኩሳት ያለው ሕመም የሚነሣባቸው ጊዜ ካላገኙት ይልቅ ቀነሰ። ሽታውም ቢሆን በመታጠብ ይቀንሳል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ሕጉ ግን ማኅበራችን ቤት ገብቶ ጽዋ አያቀብልም። እሱ የኛ ፈንታ ነው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። እነዚህን ቃላት ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፉ፦ እግር። አፈር። ሳሙና። ጫማ። ጎረቤት።