ጥራትና ጆንያ
(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ገበያው በማይጨበጥበት ጊዜ ድርጅቶች ጥራትን እንዴት ይጠብቃሉ በሚለው ላይ ተናገር ብላችሁኛል። የጥራት ቁጥጥር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ ነው። ነገሩ ግን ከጆንያም ይጀምራል።

በ2000 ዓ.ም. ጃፓኖች ከእኛ አገር በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት አገኙ። ጃፓን ከዋነኞቹ የቡናችን ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢዋ ወዲያው አሽቆለቆለ። አብዛኛው ቡና አምራች ገበሬ እኮ መድኃኒት አይረጭም! ምርመራው በኋላ ያመለከተው ወደ ማሸጊያው ጆንያ ነው። ለቀማው፣ እጥበቱ፣ ማድረቁ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ልፋት በጆንያ ሰበብ ገበያ አጣ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣና የቡና ዋጋ ወረደ። ቀውሱን ከዚህ ሆኖ የሚመልሰው አልነበረም፤ ጆንያውን ግን ማየት ይቻል ነበር።

እኛም ዘንድ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ መንገዱን ክፈቱልን ብንል ማን ይሰማናል? ጤፉን ፀረ አረም በነካው ጆንያ የምንሞላው ግን እኛው ነን። ስለዚህ በንግድ ላይ ያላችሁ አባላት፣ ጆንያውን ገልብጣችሁ አሽትቱ፤ እህሉን ከማን እንደተረከባችሁም ጻፉ። የቅሬያችን ጸሐፊ ማን ስንት ሳህን እንደወሰደ ይመዘግብ የለም? ድስት ጎድሎ ሲገኝ ማን ቤት እንደቀረ የምናውቀው በዚያ ደብተር ነው።