ትምህርት «ጨረስሁ» አይባልም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ዕውቀት ፍቅር ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሕፃን አፉን እንደ ፈታ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ይጀምራል። ይህ ጥያቄ የቆመ ዕለት ትምህርትም ይቆማል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1520ዎቹ አገራችንን የጐበኘው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ እጅግ ስለ ተደነቀ፣ ብጽፈው የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰጋ። እኛ የላሊበላ ልጆች ግን በቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ዘወትር እያለፍን፣ ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ ወዴት ተወሰደ? የክረምቱስ ውኃ በየት ይወርዳል? ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ቅርብ ያለ ነገር ሁሉ የታወቀ ይመስለናል።

ከላስታ ጐረቤት ከዋድላ ግን ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የተጠራ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየደረጃው ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም አይመሰገንም፤ አዲስ መቍጠር አለበት። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ለሌላው ሲያስረዳም ለራሱ ተሰውሮበት የነበረው ምሥጢር ይገለጥለታል። ደስታውም እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀት እንደ እህል ቢያካፍሉት አይጐድልምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትነን ወደየቤታችን ስንገባ ዘመዶቻችን «ጨረሳችሁ ወይ?» ይሉናል። ምን ብለን እንመልሳለን? በየመንደራችን የሐኪም ወረቀት የሚያነብላቸው ሰው የሚፈልጉ እናቶችና አባቶች አሉ። እኛ «ጨረስን» ብለን ከተቀመጥን እነርሱ መቼ ይጀምራሉ?

ስለዚህ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፊደል እናስቈጥር። ሥራው እንግዳ አይደለም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው አስተምረዋል። እኛም እናታችን ወይም ጐረቤታችን የማንመልሰውን ጥያቄ ቢጠይቁን አንፈር፤ መልሱን ፍለጋ እንደ ገና መጽሐፍ እንገልጣለንና።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኔም፣ ከጠመጠሙም በኋላ መማር ይቀጥል እላለሁ።