ልጅን ከቤት ውጭ ፎቶግራፍ ስለማንሳት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ዲቲኮን፣ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ፎቶግራፍ እንድናገር ሲጠይቀኝ ባለሙያ አለመሆኔን ገልጬ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ በረፒሽ ወንዝ ዳር ስመላለስ ያያችሁኝ ብዙዎች ስለሆናችሁ ግን ማምለጥ አልቻልኩም።

እኛ ልጆች ሳለን ፎቶግራፍ ማለት ፎቶ ቤት መሄድ ነበር። ፊታችን ቅባት ተቀብቶ፣ የዓመት በዓል ልብሳችንን ለብሰን፣ ፏፏቴና ዛፍ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት እንቆማለን። «አትነቃነቅ!» እንባላለን። ፏፏቴው ከጀርባችን ስለሆነ አናየውም። ዛሬ ልጆቻችንን እውነተኛ ጫካ ወስደን ያንኑ ትእዛዝ እንደግማለን። ልጁ ጉንዳን እያየ «ወዲህ እይ፣ ሳቅ በል!» እንለዋለን።

እባካችሁ አትጥሩት። ተንበርከኩ፣ ሱሪያችሁ ይጭቀይ። ቆመን ከላይ ስናነሳው የሚታየው አናቱ ብቻ ነው። ፊቱ ካልተገኘ እጁን አንሱ፤ ቀንድ አውጣ የያዘ ትንሽ እጅ ራሱን የቻለ ፎቶግራፍ ነው። በቀትር ፀሐይ ቅጠል መሐል እየገባች ፊቱን ስለምታዥጎረጉረው ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል። በስልክ የምታነሱ፣ በመስታወቱ ላይ የልጁን ፊት በጣት ብትነኩት ብርሃኑ በእርሱ ልክ ይስተካከላል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ባለፈው ጸደይ ልጄ ወደ ረፒሽ ድንጋይ ሲወረውር እያነሳሁ ነበር። በስልኬ ላይ ውኃው ራቅ ያለ መሰለኝ። የስልክ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ሁሉን ያርቃል፣ ያሳንሳል። ልጁ ተንሸራተተ። ያወጡት እኔ ሳልሆን ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ አንዲት አረጋዊት ናቸው። ውኃው ከወገቡ አይበልጥም፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብር ነበር። ሴትዮዋ ምንም አልተናገሩኝም፤ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ብቻ አዩት። ቤት ስገባ 6 ፎቶግራፎች አገኘሁ። በመጨረሻው ላይ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። ባለቤቴ አጥፋው አለችኝ፤ አላጠፋሁትም። ከዚያ ወዲህ ውኃ ባለበት ስልኬ ከኪሴ አይወጣም።

ሌላው ጉዳይ ማሳተም ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረውና በ1916 (እ.ኤ.አ.) ዙሪክ ውስጥ ያረፈው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በአገራችን ያነሳቸው ፎቶግራፎች ዛሬም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ። የእኛ ግን ስልኩ የተሰበረ ዕለት አብረው ይቀበራሉ። አሳትሙ፤ ከጀርባውም ቦታና ቀን ጻፉ።

እኔ ካሳተምኳቸው የምወደው ልጄ ሳማ ነክቶ እጁን በመገረም ሲያገላብጥ ያነሳሁት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት የተማረውን «ብረንኔሰል» አለኝ፤ እኔም «ሳማ» አልኩት። ፎቶግራፉን ለእናቴ ደብረ ብርሃን ላክሁላት። የደጋው ሳማችን በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዘር ነው፤ የዚህኛው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ማቃጠሉ ግን ያው ነው። እናቴ ቅጠሉን ገና ስታየው አወቀችው። በስልክ «እዚያም ሳማ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ልጁን አቅርብልኝ ብላ፣ በልጅነቷ ሳማ ተቀቅሎ እንዴት ይበሉት እንደነበር አጫወተችው።

አሁን ቅዳሜ ከቤት ስንወጣ ጓንት እንድይዝ የሚያስታውሰኝ እርሱ ነው።