ዶማ የቅጣት መሣሪያ አይሁን
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፥ የቡናን የትውልድ አገር ዓለም አከበረ። ይሁን እንጂ በቦንጋ ከተማ የሚያድገው ብዙው ልጅ ቡናን የሚያውቀው በጀበና ነው፤ ደኑን ከሩቅ ያያል እንጂ የችግኙን ጠባይ አያውቅም።

ይህን ለማስተማር በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ መደብ ይበቃል። ልጆቹ ቀይ የቡና ፍሬ ለቅመው፥ ፈልፍለው፥ ዘሩ ሳይሰነብት ይዝሩት፤ አፈሩንም ሣር ያልብሱት። ለበቀለው ችግኝ ጥላ ካልሠሩለት በፀሐይ ይጠወልጋል። ዋንዛና ብርብራ በደኑ ውስጥ ለምን እንደሚያስፈልጉ ያን ጊዜ በዓይናቸው ያያሉ። ቡና ለማፍራት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋልና፥ በአንደኛ ክፍል የዘራ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሳያልፍ ይለቅማል። ከጎኑ እንሰትና ኮረሪማ ቢጨመር የአገሩ ጓሮ ይሟላል።

ነገር ግን አንድ ልማድ መጣል አለበት። እኛ በተማርንበት ጊዜ ዶማ የሚሰጠው ላረፈደና ለረበሸ ተማሪ ነበር። አፈርን በቅጣት የተዋወቀ ልጅ አድጎ ደን ይወዳል ማለት ዘበት ነው። ነገ ሹም ወይም ነጋዴ ሆኖ ስለ ዛፉ የሚወስነውም ይኸው ልጅ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሥራውን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አግብተው ማርክ እንዲሰጡበት እንለምናለን። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መደቡን አረም ይውጠዋል። ያን ጊዜ ለዕረፍት አገራችን የምንገባው እኛ ነንና፥ ተራ ገብተን እንኮትኩተው።