ጎማውን ያጠፈ ስፒትፋየር

አቅራቢ 1፦ የዛሬው ወጋችን ስለ ሞዴል አውሮፕላን ነው። አንተ ጎማው የታጠፈውን ትመርጣለህ፤ ለምን?

አቅራቢ 2፦ አውሮፕላን የተሠራው ለሰማይ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን የእንግሊዝ ተዋጊ፣ ስፒትፋየርን ውሰጂ። የክንፉ ውበት ጎልቶ የሚወጣው እግሩን ሲሰበስብ ነው።

አቅራቢ 1፦ ሥራውስ አይቀልም? እግር መገጣጠም ቀረ ማለት ነው።

አቅራቢ 2፦ እንዲያውም ይብሳል። በ1/72 መጠን በሚሠራ ሞዴል ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የእግሩ ክዳን ብዙ ጊዜ ለተዘረጋ እግር ታስቦ ስለሚሠራ ቦታው ላይ በቀላሉ ልክክ አይልም። በብርጭቆ ወረቀት እየሞረዱ፣ ከውስጥ ድጋፍ እያበጁ ማስተካከል ያስፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ ክፍተቱን ደፍኖ መቀባትስ?

አቅራቢ 2፦ እውነታውን ያዛባል። በአብዛኞቹ ስፒትፋየሮች ክዳኑ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም፤ ከፊሉ ከሥር ይታያል። ማርክ 1 እና ማርክ 5 በተባሉት የስፒትፋየር ዓይነቶች ደግሞ የጭራው ጎማ ጭራሽ አይታጠፍም።

አቅራቢ 1፦ እኔም አንድ ልጨምር። የሚበር አውሮፕላን አብራሪ ይፈልጋል፤ መቀመጫው ባዶ መሆን የለበትም። የፕሮፔለሩንም ሽክርክሪት በስስ ክብ ግልጽ ፕላስቲክ ማሳየት ይቻላል።

አቅራቢ 2፦ ትክክል ነሽ። ሞዴሉን በአየር ላይ እንዳለ አድርጎ የሚያቆመው ዘንግም ክብደቱ በሚመዛዘንበት ቦታ ይግባ፤ ቀዳዳው የአካሉ ሁለት ግማሾች ሳይጣበቁ ይዘጋጅ። እንዲህ የሠራ ወጣት አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ይማራል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አበረታቱ!