ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ ስለ ማጣመር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ መጠይቅ ሁለት ሠንጠረዦችን ስለ ማጣመር ነው። ጉዳዩ የጀማሪ ትምህርት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሥራ ላይ አዘውትሮ የሚያሳስተው ይኸው ቀላል መሳዩ ነው።

የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ እንዲቀመጥ፣ የሠንጠረዦቹም ዝምድና በውስጣቸው በሰፈረው ዋጋ እንዲታወቅ ሐሳብ አቀረበ። እንግዲህ መጠይቅ በሚጻፍበት ጊዜ ዝምድናውን መናገር የጠያቂው ድርሻ ነው።

አንድ ሆስፒታል እንውሰድ። የሕሙማን ሠንጠረዥ 2,000 ረድፍ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሠንጠረዥ ደግሞ 5,000 ረድፍ ይኑራቸው። በኤስኪውኤል ከፍሮም ቀጥሎ የሁለቱን ስም ጽፈን ማጣመሪያውን ብንረሳ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ተጣምሮ 10,000,000 ረድፍ ይወጣል። ይህ ስሕተት በብዛቱ ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙ አያሰጋም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የቋንቋው ደረጃ ጆይን እና ኦን በሚሉት ቃላት ማጣመሪያው ከማጣሪያው ተለይቶ እንዲጻፍ አስችሏል፤ እኔም ይህንኑ አጻጻፍ እመርጣለሁ።

የሚያሰጋው ሳይታወቅ የሚጎድለው ረድፍ ነው። ተራው ጆይን ውጤት የሌለውን ሕመምተኛ ከዝርዝሩ ያስወጣዋል። «ያልተመረመረው ማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሐኪም ግን ተፈላጊው ይኸው የወጣው ሰው ነው። ሌፍት ጆይን ሕሙማኑን ሁሉ ይዞ፣ ውጤት በሌለበት ቦታ ባዶ ያኖራል። ነገር ግን «ከመስከረም 1 ቀን ወዲህ የተደረገ ምርመራ» የሚለውን ገደብ ከዌር ሥር ካስቀመጥነው፣ ባዶ ቀን ገደቡን ስለማያሟላ ያልተመረመሩት ሁሉ ተመልሰው ይወድቃሉ። የዚህ ገደብ ትክክለኛ ቦታ ከኦን ሥር ነው። ከዌር ሥር የሚጻፈው «ውጤቱ ባዶ የሆነ» የሚለው ብቻ ይሆናል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል፤ ሠንጠረዦቹን በስም የሚያጣምር ባለሙያ አይጠፋም። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ ሲመዘግብ ሌላው ሀይሉ ይላል። ለአንባቢ አንድ ስም ነው፤ በዩኒኮድ ግን ፊደላቱ የተለያዩ ስለሆኑ ማሽኑ አያገናኛቸውም። ሞክሼ ፊደላቱን አንድ ብናደርጋቸው እንኳ በራስና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸውና የአንዱ ውጤት ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ማጣመሪያው በሁለቱም ሠንጠረዥ የሰፈረ የካርድ ቁጥር ይሁን፤ ዓምዱም ከነሠንጠረዡ ስም ይጠራ።

ባዶዎቹን ብቻ ከመለየታችን በፊት የካርድ ቁጥሮቹን፣ የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ እየያዝን፣ እንቁጠር፤ 2,000 ካልሞሉ የወደቀ ሰው አለ። የረድፎቹ ብዛት ከዚህ ቢበልጥ ግን አያስደንቅም፤ ሦስት ጊዜ የተመረመረ ሰው ሦስት ረድፍ አለውና።